የድምፅ ዕዳ

በዚያ ዓመት ዝናብ አልመጣም። ግድቡ ደረቀ። ግድቡ ሲደርቅ መብራት ጠፋ፤ መብራት ሲጠፋ የክር ፋብሪካው ቆመ። ሠፈራችን የሚኖረው በፋብሪካው ነበር። ወንዶቹ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ቀጥሎ ቤታቸው ተቀምጠው ጠበቁ። ከዚያ አንዳንዶቹ ሥራ ሳገኝ እልካለሁ ብለው ሄዱ። ሴቶቹ ልብስ ለማጠብ ወደ ላይኛው ሠፈር ወጡ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ። ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ አይመጣም። እኔ የፋብሪካውን ሠራተኞች የማመላልስ ሾፌር ነበርኩ። የማመላልሰው ሰው ሲጠፋ ሚኒባሴን ግድግዳ ሥር አቆምኩና የሰው የጭነት መኪና መንዳት ጀመርኩ። ቤቴን የማየው አልፎ አልፎ ሆነ። ልጆቹ ብቻቸውን ከረሙ።

በዚያው ወቅት አንዲት ወጣት ቴፕ ተሸክማ መጣች። ከጥናት ቢሮ ነኝ አለች፤ የሕፃናትን ኑሮ ነው የምናጠናው አለች። የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት ጠርጋ፣ ሁለት ወንበር አስቀምጣ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ እያስገባች ጠየቀች። ደስ የሚላችሁ መቼ ነው? የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው? ምን ቢኖር ይሻላችኋል? ልጆቹ "እመት ቴፕ" ብለው ስም አወጡላት። ወደዷት።

የሄደች ቀን ቤት ነበርኩ። መኪናዋ ሞተር አስነስታ ቆማለች። ልጄ መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛለች።

"ያልነውን ምን እንዳደረጋችሁት ተመልሰሽ ትነግሪናለሽ?"

"እነግራችኋለሁ።"

"መቼ?"

"ዝናብ ሲመጣ።"

ዝናቡ መጣ። እሷ አልመጣችም።

ልጄ አደገች። ልብስ ሰፊ ሆነች፤ አገባች፤ ወለደች። ዛሬ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። የልጅ ልጄን ሠፈሩ "ክብሪት" ይላታል። አንዴ ጫር ካደረጓት በቃ ነው።

ፋብሪካው ተመልሶ አልተከፈተም። የሠራተኞቹ ምግብ አዳራሽ ግን ጣሪያውም ወለሉም ደህና ነው። ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ በየሠፈሩ የወጣቶች ቤት እከፍታለሁ አለ። ለዚህ የሚሆነውን አዳራሽ አንድ ነጋዴም ለመጋዘን ፈልጎታል። ምክር ቤቱ የሚወስነው ዓርብ ነው ተባለ። ወጣቶቹ ያሉት ተጠንቶ ያልቀረበለት ሠፈር ዕቅዱ ውስጥ አይገባም። ክብሪት ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እሷና ጓደኞቿ ከትምህርት በኋላ የሚውሉት መንገድ ላይ ነው፤ አንዱ ካላባረራቸው ሌላው ያባርራቸዋል።

ሰኞ ዕለት ጥናቱን የምትመራው ሴትዮ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ መነጽር አድርጋለች። እናቶችና አባቶች የልጆች ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ስትራመድ አወቅኋት። ልጄም አውቃታለች፤ አንገቷ ላይ የጣለችውን ሜትር በጣቷ መጠምጠም ጀምራለች።

ሴትዮዋ በደንብ አስረዳች። ልጆቹን ለሁለት ቀን እንጠይቃለን፤ ዓርብ ለምክር ቤቱ እናቀርባለን አለች። "ጥያቄ ካለ ደስ ይለኛል።"

ልጄ ተነሣች። "እኔ አለኝ። አታስታውሺኝም?"

አንቺ አለቻት። በልጅነቷ ያለቻትን ነው ያለቻት።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። "ይቅርታ፣ ፊትሽ…"

"መኪናሽን ይዤ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ብለሽኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዘነበው ዝናብ ጣሪያችን ስንቴ እንደተለወጠ ታውቂያለሽ?"

ክፍሉ ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። አስታወሰች።

"እመት ቴፕ ናት እንዴ?" አለ በያጁ ከበሩ አጠገብ። ብረት ሲበይድ የሚውል ግዙፍ ሰው ነው። "ወይ ጉድ! እኔ እኮ ሞታለች ብዬ ነበር።"

"አልሞትኩም" አለች።

"ታዲያ ምን ነክቶሽ ጠፋሽ?"

"መጀመሪያ የድሮውን ዕዳ ክፈይ" አለች ልጄ። "የኛን ወስዳችሁ ቀራችሁ። አሁን ደግሞ የልጆቻችንን ልትወስዱ ነው? ያ ሳይከፈል ከዚህ ሠፈር አንድ ልጅ አፉን አይከፍትም።"

"እውነቷን ነው!" አለ ክፍሉ።

ክብሪት መስኮቱ ጋ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። ጭንቅላቷን አስገባች። "እማዬ! አዳራሹ መጋዘን ሊሆን ነው እኮ!"

"አንቺ ዝም በይ።"

"ይምጡልን ይምጡልን ስንል፣ ሲመጡ ልታባርሪያቸው ነው?"

"ዝም በይ አልኩሽ።"

"ዝም ካልኩማ ምን አጥንተው ያቀርባሉ!"

ሰው እንደገና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጢሜ ሸፈነልኝ።

እመት ቴፕ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። "ልክ ናችሁ" አለች። "ያኔ አለቃችን ተነሣ፤ ገንዘቡ ቆመ፤ ጥናቱ ቁም ሣጥን ገባ። እኔ ትንሽ ሠራተኛ ነበርኩ። መምጣት ግን እችል ነበር። ባዶ እጄን ምን ብዬ እመጣለሁ እያልኩ ቀረሁ።" መነጽሯን መልሳ አደረገች። "ካሴቶቹ ግን አሉ።"

በያጁ ከበሩ አጠገብ ወደ ፊት መጣ።

"ደንባችን፣ ውጤቱ ለባለቤቶቹ ሳይነገር ድምፃቸው አይጠፋም ይላል። ስላልነገርናችሁ አልጠፋም። ቢሮው ቤት በለወጠ ቁጥር ቆልፌ ይዤው ዞሬያለሁ።"

"ታዲያ አምጪዋ!" አለ በያጁ።

"አንድ ችግር አለ። የቱ ካሴት የማን እንደሆነ አናውቅም። እንዳትታወቁ ብለን ለእያንዳንዳችሁ የውሸት ስም አስመርጠናችሁ ነበር። ካሴቱ ላይ ያለው እሱ ነው፤ ነብር፣ ባቡር፣ ጨረቃ። እውነተኛ ስማችሁ ያለበትን ወረቀት በደንቡ መሠረት አቃጠልነው።"

"ደብቃችሁን ደብቃችሁን ጠፋንባችሁ በይኛ!" አለች ልጄ።

"እንደሱ ነው።"

አሁን የሳቁት ሁሉም ናቸው። ልጄም ፈገግ አለች፤ ቶሎ መለሰችው እንጂ።

"ሁለተኛም ችግር አለ" አለች እመት ቴፕ። "ቢሮአችን ውስጥ ካሴት የሚያጫውት ነገር የለም።"

"የአባባ መኪና!" ብላ ጮኸች ክብሪት። "የአባባ መኪና ቴፕ አላት!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሚኒባሴ ገበያ ድረስ ብቻ ነው የምትወጣው። ግን በየቀኑ አስነሣታለሁ፤ ቴፑንም ለማንም አላስነካም።

"ይሠራል?" አለችኝ እመት ቴፕ።

"የኔ መኪና ውስጥ የማይሠራ ነገር የለም" አልኩ።

"ከፍሬኑ በቀር" አለ በያጁ።

ማክሰኞ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ዛፉ ጥላ ሥር አቆምኳት። እመት ቴፕ ካሴቶቹን በተቆለፈ የብረት ሣጥን አመጣች። ሕጉን ነገረችን። መኪናው ውስጥ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። መስኮት ይዘጋል። ሰውየው የመረጠውን ስም ለእሷ በጆሮዋ ይነግራታል፤ ካሴቱን አስገብታ ትወጣለች። የእኔ አይደለም ያለ ቴፑን ወዲያው ይዘጋል። የእኔ ነው ያለ ካሴቱን ይዞ ይሄዳል። የሰማውን መናገርም አለመናገርም የራሱ ጉዳይ ነው።

ሠፈሩ ሁሉ ሥራ ፈታ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከነሽርጧ መጣች። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላት ላጭቶ ትቶት መጣ፤ ሰውየው ተከትሎት መጥቶ ቆሟል። ልጆቹ አጥሩ ላይ ተደርድረዋል። ወላጆቻቸው እንደዚህ ሲቁነጠነጡ አይተው አያውቁም።

መጀመሪያ የገባው በያጁ ነው። በጆሮዋ ሊነግራት አልፈለገም፤ ደረቱን ነፍቶ "ነብር!" አለ።

"ነብርማ እኔ ነኝ" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"አንተ? አንተ ድመት አይተህ የምታለቅስ አልነበርክ?"

"አንተስ ምኑ ነህ ነብር?"

በያጁ ገብቶ በሩን ዘጋ። ወዲያው ብርግድ አድርጎ ከፈተው። "ይኼማ ሴት ናት!"

"ቀስ ብለህ ዝጋ በሩን" አልኩት።

ከኋላ ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን አወጣች። በሠፈራችን ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ብትኖር እሷ ናት። "እኔ ሳልሆን አልቀርም" አለች።

አጥሩ ላይ ያሉት ልጆች በሳቅ ሊወድቁ ደረሱ። ዳቦ ጋጋሪዋ ገባች። ስትወጣ ፊቷ ርሷል፤ ግን ትስቃለች። ካሴቷን ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ልጇን ፈልጋ አጥሩ ጋ ሄደችና እግሩን ይዛ ቆመች።

ባቡር ተገኘ፤ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ጨረቃም ተገኘች። ሰዉ አንድ በአንድ እየገባ፣ እያወቀ ወጣ። ፀሐይዋ ስታዘነብል በያጁ ወደ እመት ቴፕ ተጠጋ። ጎንበስ አለ። ሹክሹክታ አይችልበትም።

"ቢራቢሮ የሚል አለ?"

አለ። ስንት ጊዜ እንደተሳቀ አልናገርም። በያጁ ግን ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ቀልዱ የለም።

"ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ?" አለ። "ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት መግባት እፈራለሁ ነው ያልኩት። ሰው የለም። ፋብሪካው በር ላይ ተቀምጬ እናቴን እጠብቃለሁ። ስትመጣ እንዳላየኋት ሆኜ፣ ሲጫወት የቆየ መስዬ እሮጣለሁ።"

"እኔም በሩን ከውስጥ ቆልፌ እጠብቃለሁ ብያለሁ" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። "ነብር ነኝ እያልኩ።"

"እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት መጥፎ ልጆች ጋ እሄዳለሁ ብያለሁ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ከመጥፎዎቹ አንዱ እኔው ነበርኩ መሰለኝ።"

ሌላውም እንዲሁ። ያ ሰዓት፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ እስከ እናት መምጫ ያለው። ምግብ አጣን ያለም ነበር፤ ብዙ ነበር። ሁሉም ያነሣው ግን ያንን ሰዓት ነው። እመት ቴፕ መኪናዬ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

"ያኔ ያገኘነው ይኼንኑ ነው" አለች። "የጻፍኩት ይኼንኑ ነው። ያ ሰዓት ባዶ ነው፤ አንድ ክፍት በር ይፈልጋል ብዬ።"

"ታዲያ ዕቅዱን አላየሽውም?" ክብሪት አጥሩን ዘላ ወረደች። "ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል! የወጣቶች ቤት የሚከፈተው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው ይላል። እኛ ክፍል ውስጥ ስንሆን ይከፈታል፤ ስንወጣ ይዘጋል!"

"አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት። ቢሮ ተቀምጬ ስነግራቸው፣ ጥበቃው በዚያ ሰዓት ወደ ቤቱ ይሄዳል ይሉኛል። ከእናንተ አፍ ሲሆን ሌላ ነው።"

በግቢው ውስጥ አየሩ ተለወጠ። ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ያወራ ጀመር። ልጄ ግን ዳር ቆማ ቀረች።

ሣጥኑ ውስጥ አንድ ካሴት ቀረ። "ዝናብ" አለች እመት ቴፕ፤ ስሙን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ስላልነበረ ጮክ ብላ። "ዝናብ ያለ ማን ነው?"



ወደ ልጄ ዞረች። "አንቺስ ምን ነበርሽ?"

"አላስታውስም።"

ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠምጥማ ጣቷ ጠቁሯል። እኔ አየሁ። ሄጄ የመኪናውን በር ከፈትኩ።

"አባዬ፣ አንተ ደግሞ።"

"ሞቃት ነው። አየር ይግባ ብዬ ነው።"

ትንሽ አየችኝና ገባች። እመት ቴፕ ካሴቱን አስገብታ ወጣች። ጀርባዬን ሰጠሁ። መኪናው የኔ ነው፤ ድምፁ የኔ አይደለም። የጎኑ መስተዋት ግን ፊት ለፊቴ ነበር። ስትሰማ መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ ጭንቅላቷን መነቅነቅ ጀመረች፤ አንድ ትልቅ ሰው የትንሽ ልጅ ወሬ ሲሰማ እንደሚያደርገው፣ አዎ፣ አዎ እያለች።

ወጥታ እመት ቴፕ ፊት ቆመች።

"ግማሹን ከፈልሽ። ድምፃችንን መለስሽ። ምን እንዳደረጋችሁት ግን አልነገርሽንም።"

"ምንም አላደረግንም" አለች እመት ቴፕ። ዓይኗን አላሸሸችም። "ምንም።"

ልጄ ካሴቷን ቦርሳዋ ከተተች። "እሺ። እሱም መልስ ነው። ልጆቹን ጠይቂ። መናገር የፈለገውን ብቻ። መልሱንም ከከንቲባውም ከጋዜጣውም በፊት ለነሱ ትነግሪያለሽ።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"መቼ?" አለች ክብሪት።

"ዝናብ ሲመጣ እንዳትዪ ብቻ!" አለ በያጁ።

"ዓርብ" አለች እመት ቴፕ። "ከምክር ቤቱ እንደወጣሁ። ሌላ ቦታ ሳልቆም።"

ሁለቱን ቀን ዕቃ ቤቱ ሥራ በዛበት። በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ልጆቹ ስም ሲመርጡ ይጣሉ ነበር። በያጁ በዚያ ባለፈ ቁጥር "ቢራቢሮ ተይዟል!" ይሉታል።

ዓርብ እመት ቴፕን ማዘጋጃ ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። የቢሮዋ መኪና ሌላ ሠፈር ነበር። ልጆች አይገቡም ስለተባለ ክብሪትና ጓደኞቿ ፋብሪካው በር ላይ ቀሩ። እኔ ውጭ ጠበቅሁ። መጀመሪያ የወጣው ነጋዴው ነው። ይስቃል። አዳራሹ አመለጠን አልኩ። ቀጥሎ እሷ ወጣች፤ ደረጃውን እየሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ።

"ምን ሆነ?"

"ይንዱ አባባ።"

"እነዳለሁ። ምን ሆነ?"

"መጀመሪያ ለነሱ ነው ያልኩት።"

"እኔ እኮ ሾፌር ነኝ። ለማን እነግራለሁ?"

"ቢሆንም።"

ነዳሁ። በመስተዋት ፊቷን አየሁ፤ ምንም አይነበብም። ስልኳ ጠራ፤ አየችውና ዘጋችው። "አለቃዬ ነው" አለች። እንደገና ጠራ፤ እንደገና ዘጋችው። መንገዱ ተዘጋግቷል። ጥሩምባ ነፋሁ፤ ጥሩምባ የምነፋ ሰው አይደለሁም። አንዱ ታክሲ "አባት፣ ሙሽራ ጭነዋል እንዴ?" አለኝ። በጎን ገባሁበት።

"ቀስ ይበሉ እንጂ!"

"ንገሪኝና ቀስ እላለሁ።"

ሳቀች። አልነገረችኝም።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ የፊቱ መስተዋት ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ሰማዩ ባንዴ ተዘረገፈ። ዝናብ መጥረጊያዬ በእኔ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው። እሷ በእሷ በኩል ምንም አይታያትም። መስኮቱን አውርዳ እጇን አወጣች፤ እርጥብ እጇን አየችው።

"መጣ" አለች ለራሷ።

የፋብሪካው በር ላይ ልጆቹ አልተበተኑም። ቆርቆሮው ሥር የቻለው ተጠግቷል፤ ሌላው በዝናብ ቆሟል። ወላጆቹም መጥተዋል። ፍሬኑን ያዝኩ፤ በያጁ እንደሚለው ትንሽ አልፌ ቆምኩ። እመት ቴፕ ጃንጥላ አልያዘችም። እንደዚያው ወረደች። ልጆቹ ከበቧት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጮኻ ነው የነገረቻቸው።

"የጠየቃችሁት የማታ አውቶቡስ አልተፈቀደም! በጀት የለም ብለዋል። ለከርሞ እናየዋለን ብለዋል፤ እኔ አላመንኳቸውም፤ እንደገና እንጠይቃለን።"

ክብሪት ከንፈሯን ነክሳለች።

"አዳራሹ ግን የእናንተ ነው!"

የመጣውን ጩኸት ልገልጸው አልችልም። እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። ገና አልጨረሰችም።

"ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይከፈታል። የመጨረሻው ወላጅ ከሥራ እስኪገባ አይዘጋም። ተጽፎ ጸድቋል። ለሁሉም ሠፈር ነው፤ ለእናንተ ብቻ አይደለም። ሰዓቱን ያስለወጣችሁት እናንተ ናችሁ!"

ክብሪት ዘላ በያጁ አንገት ላይ ተንጠለጠለች። በያጁ ያለቅስ ይሁን ዝናቡ ይሁን አልለየሁም። ዳቦ ጋጋሪዋ ጮኸች፤ ድምፅዋን ያን ቀን ሰማን። እኔ መሪውን ይዤ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ጥሩምባዬን ነፋሁ፤ ረጅም። ነጋዴው ለካ ሲናደድም ይስቃል።

ልጄ ከሕዝቡ መሐል ጃንጥላ ይዛ መጣች። እመት ቴፕ ፊት ቆመች። ከሴትዮዋ ሽበት ውሃ ይንጠባጠባል።

"ዝናብ መጣ" አለች ልጄ።

"መጣሁ" አለች እመት ቴፕ።

ልጄ ጃንጥላውን ለሁለቱም አድርጋ ያዘችው።